እናቴ በሕይወት እያለች ስለ ቀብሯ ባስብ ሟርት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ «እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ካንሰሩ ወደ ጉበቷ ተሰራጭቷል። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ሕመሟን ከማስታገስ ሌላ የምናደርገው የለም ብለውናል፤ እቤት ወስደን እያስታመምናት ነው። አራት ልጆች ነን። የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ፤ አንዱ ወንድማችን የሚኖረው ውጭ አገር ነው። አንድ ቀን የቀብር ነገር ባነሳ ታናሽ እህቴ ‹በሕይወት እያለች ታሟርቻለሽ› ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ አኩርፋኛለች። እኔ ግን ጭንቀት ሊገድለኝ ነው፤ የማውቀው ነገር የለም። ከየት ልጀምር? ወንድሜ እስኪደርስ ማቆየት ይቻላል? የገንዘቡስ ነገር? የ8 ዓመት ልጄንስ ቀብር ልውሰዳት ወይስ ልተዋት?»

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። በሆስፒታል የማስታገሻ ሕክምና ክፍል የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ መዳን ከማይችሉ ታማሚዎችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ነው። ያንቺ ዓይነት ጥያቄ ብዙ ይደርሰኛል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚደርሰኝ ታማሚው ካረፉ በኋላ ነው፤ ኮሪደር ላይ፣ ሁሉም በየስልኩ እየጮኸ። አንቺ ቀድመሽ ጠይቀሻል። ይኼ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

በአጭሩ ልንገርሽ። ከቀብር ጋር የተያያዘ አብዛኛው ነገር መጠበቅ ይችላል። የማይጠብቀው ጥቂት ነው። ከማይጠብቀው ውስጥ ደግሞ ዋናው እናትሽን መጠየቅ ነው። ሣጥን ቢፈለግ በዚያው ቀን ይገኛል። እሳቸው የሚፈልጉትን ግን ከእሳቸው በቀር በእርግጠኝነት የሚነግርሽ የለም፤ አጥርተው መናገር የሚችሉበት ጊዜም እያጠረ ነው።

የሟርቱን ነገር እናንሳ። እህትሽ ላይ አልፈርድም። በብዙ ቤት ሞትን በስሙ መጥራት መጋበዝ ይመስላል። ግን አስቢው፤ በሽታው ያለው እሳቸው ሰውነት ውስጥ ነው። ልብሳቸው ሲሰፋቸው፣ ምግቡ አልወርድ ሲላቸው፣ ልጆቻቸው በር ላይ ሲንሾካሾኩ ያያሉ። እናንተ እሳቸው እንዳይከፋቸው ዝም ትላላችሁ። እሳቸውም እናንተ እንዳይከፋችሁ ዝም ይላሉ። እንዲህ ያለ ቤት ስሄድ በሩን ዘጋ አድርጌ ታማሚውን «ምን ያስጨንቅዎታል?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀኝ። አንዲት እናት «የት እንደምቀበር ግድ የለኝም፤ ልጆቼ በኔ ሰበብ እንዳይቀያየሙ ብቻ» አሉኝ። አንድ አባት ደግሞ ያስጨነቃቸው ጥርሳቸው ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው የነበራቸው። «ያለ ጥርሴ ሰው እንዳያየኝ» አሉ። ልጃቸው መጀመሪያ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሰው ከሞተ በኋላ ሰውነት መድረቅ ሲጀምር ቀድሞ የሚይዘው ፊትና መንጋጋን ነው፤ ይህም የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓቶች ሳያልፉ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ጥርስ ላስገባ ማለት ትግል ነው። ሰውዬው ቀድመው ስለተናገሩ እንዳረፉ ተደረገላቸው። ይህን አሳብ ከየት አምጥተን እንገምትላቸው ነበር?

እንዴት ትጀምሪው? «የት እንቅበርሽ?» ብለሽ ዘው አትበይ። ሕመሙ ረገብ ያለበትን ሰዓት ምረጪ። የሕመም ማስታገሻው ሠርቶ፣ ነገር ግን እንቅልፍ ሳይጥላቸው ያለው ሰዓት ጥሩ ነው። ብቻሽን ግቢ። አራት ልጅ አልጋውን ከቦ ሲጠይቅ ፍርድ ቤት ይመስላል። «እማዬ፣ የሚከብድሽ ነገር ካለ ንገሪኝ፤ እኔ እችለዋለሁ» በያቸው። ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ይረዝምብሻል፤ አትሙዪው። «እሱ ያውቃል» ብለው ከዘጉት ግድ የለም፣ ሌላ ቀን ደግመሽ ሞክሪ። ስለዚህ ነገር ማውራት ጨርሶ የማይፈልግ ሰው አለ፤ መብቱ ነው። ካወሩ ግን አታቋርጪ፣ «ኧረ ትድኛለሽ» ብለሽም በሩን አትዝጊባቸው። በዚህ ቃል ስንት ኑዛዜ ሲቀር አይቻለሁ።

ወሬው ከተከፈተ የምትጠይቂው ብዙ አይደለም። የት ማረፍ ይፈልጋሉ? በየትኛው ሥርዓት፣ ማንስ እንዲመራው ይፈልጋሉ? ማን ያጥባቸው፣ ማን ይገንዛቸው፣ ምን ይልበሱ? የግድ መርዶ ሊነገረው የሚገባ ሰው ማነው? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ልጆች ሰምተውት የማያውቁት ስም የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። የልጅነት ጓደኛ ሊሆን ይችላል፣ የተጣሉት ወንድም ሊሆን ይችላል። ከመሞታቸው በፊት ሊያገኙት የሚፈልጉት ሰው ከሆነ አሁኑኑ ደውዪለት። በዚያው የልደት ቀናቸውን፣ የተወለዱበትን፣ የሠሩበትን፣ የወላጆቻቸውን ሙሉ ስም ጻፊ። ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ሌሊት በጥድፊያ ሲጻፍ ዓመቱ ይሳሳታል፣ ስም ይዘለላል፣ ከዚያ የቀረው ዘመድ ይቀየማል። ፎቶም እሳቸው ይምረጡ። ሰው የሚወደው ፎቶ ልጆቹ ከሚወዱት ይለያል።

የሚሉትን በወረቀት አስፍሪው፣ ቀን ጻፊበት፤ ከቻሉ ይፈርሙበት። ለሁሉም ልጆች ፎቶ አንስተሽ ላኪ፣ ወንድምሽንም ጨምሮ። የቀብር ፍላጎትን ኑዛዜ ውስጥ ብቻ አትተዪው። ኑዛዜ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ከቀብር በኋላ ነው፤ ያኔ «በቀላል ሥርዓት ቅበሩኝ» የሚል መስመር ቢነበብ ምን ይፈይዳል? ደግሞ በብዙ አገር ሟች ስለ ቀብሩ የተናገረው ነገር ቤተሰብን በሕግ አያስገድድም። ወረቀቱ የሚያገለግለው ጭቅጭቅ ሲነሳ ነው። «እማዬ እንዲህ ብላለች» የሚለውን አፍ የሚያዘጋው የእማዬ ፊርማ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የማይጠብቀው ነገር አንድ ወሳኝ ሰው መሰየም ነው። አራታችሁም እኩል ልጆች ናችሁ፣ እኩል ታዝናላችሁ። ሆስፒታሉም ሆነ ቀብር አስፈጻሚው ግን አንድ ፊርማ ነው የሚፈልገው። ማን እንደሆነ እናትሽ ቢናገሩ ከሁሉም ይሻላል። ወሳኙ ሰው የግድ የመጀመሪያ ልጅ መሆን የለበትም። ረጋ ያለ፣ ስልክ የሚያነሳ፣ «አይሆንም» ማለት የሚችል ይሁን። ገንዘቡን ሌላ ሰው ይያዝ። መርዶውንና ስልኩን ደግሞ ሦስተኛው ይያዝ። ሁሉንም አንድ ሰው ከያዘ በሁለተኛው ቀን ይወድቃል። ብዙ ጊዜ የሚወድቀውም የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ናት፤ ይህን ስል አንቺን እያየሁ ነው።

ለእህትሽ ሥራ ስጫት። ያኮረፈችው ጠልታሽ አይመስለኝም፣ ፈርታ ነው። የፈራ ሰው ክርክር አይሰማም፣ የሚይዘው ነገር ሲያገኝ ግን ይረጋጋል። «ቀብሩን እናቅድ» አትበያት። «የእማዬን ፎቶዎች አሰባስቢልኝ» ወይም «የምትወደውን ልብስ አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ እጠቢና አዘጋጂው» በያት። በዚህ መንገድ ያልገባ ልጅ አላየሁም ባልልም፣ ብዙው ይገባል።

አሁን ወንድምሽ። ማቆየት ይቻላል ወይ ላልሽው፣ አዎ ይቻላል። አስከሬን ማቀዝቀዣ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ላይ ከተያዘ ቀናትን፣ ካስፈለገ ከዚያም በላይ ያቆያል። እቤት ያለ ማቀዝቀዣ ግን በሙቀቱ ይወሰናል። በሞቃት አየር ለውጡ በአንድ ቀን ውስጥ ይታያል፤ በቀዝቃዛ ክፍል ደግሞ ትንሽ ይዘገያል። በደም ሥር መድኃኒት በመስጠት አስከሬንን ማድረቅ የሚባለው አሠራርም አለ። ፎርማሊን የሚባል ኬሚካል ያለበት ስለሆነ የሰለጠነ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። ጊዜ ይገዛል እንጂ ለዘለቄታው አያቆይም። እስልምናና የአይሁድ እምነት ቀብር እንዲፋጠን ስለሚያዝዙ መድኃኒቱንም ሆነ ረጅም ቆይታውን በአብዛኛው አይወዱም። ስለዚህ የእምነት አባታችሁን ወይም መሪያችሁን አሁን ጠይቁ፤ በዚያች ሌሊት አይደለም።

ይህን ሁሉ ከነገርኩሽ በኋላ የራሴን ልበል። ወንድምሽ ቲኬቱን ለቀብር ብሎ አይግዛ፤ አሁን ይምጣ። ሰዎች «አሁን መጥቼ ከተመለስኩ ለቀብሯ ፈቃድ አላገኝም» ይላሉ፣ እና ፈቃዱን ለቀብር ያስቀምጡታል። ሒሳቡ ልክ ነው፣ ምርጫው ግን የተሳሳተ ነው እላለሁ። ቀብር ላይ መድረስ ለለቀስተኛ ነው። እጃቸውን መያዝ፣ «እማዬ መጣሁ» ማለት፣ የሚሉትን መስማት ለእናትና ለልጅ ነው። ሁለቱንም የሚችል ከሆነ እሰየው። አንዱን ብቻ ከቻለ ግን በሕይወት ያሉበትን ይምረጥ። ቀብሩን በስልክ በቪዲዮ ሊከታተል ይችላል፤ ሌላውን ግን ካለፈ አያገኘውም። መምጣት ጨርሶ ካልቻለ በየቀኑ ይደውል። መናገር ቢያቅታቸው እንኳ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርጊላቸው። አይመልሱም ማለት አይሰሙም ማለት አይደለም።

እናትሽ «አታቆዩኝ፣ ቶሎ ቅበሩኝ» ሊሉም ይችላሉ። ያንንም ጠይቂያቸውና ወንድምሽ ከራሳቸው አፍ ይስማው። «ሳልደርስ ቀበራችሁብኝ» የሚል ቂም ዕድሜ ልክ ሲዘልቅ አይቻለሁ።

ሰዓቱ ሲደርስ ስለሚሆነው ልንገርሽ፤ የሚያስደነግጠው አለማወቁ ነው። እቤት የምታስታምሟቸው ስለሆነ አሁኑኑ ሐኪማቸውን ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ ሌሊት ቢያርፉ የምደውለው ለማን ነው? ሞቱን አረጋግጦ ወረቀት የሚሰጠውስ ማነው? ሁለተኛ፣ ልብ ማነሣሣት አይደረግላቸው የሚል የተፈረመ ወረቀት ያስፈልገናል ወይ? በብዙ አገር አምቡላንስ ከተጠራ ሠራተኞቹ ወረቀቱን ካላዩ ደረት መጫን ግዴታቸው ነው። በሰላም ያረፉ እናት መሬት ላይ ወርደው ደረታቸው ሲጫን ማየት አትፈልጊም። ስልኩንና ወረቀቱን ፍሪጅ በር ላይ ለጥፊው።

የመጨረሻዎቹ ቀናት ውስጥ አተነፋፈሳቸው ይቀያየራል። ፈጠን ይላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። ጉሮሯቸው ውስጥ የሚንኳኳ ድምፅ ሊኖር ይችላል። እጅና እግራቸው ይቀዘቅዛል። ይህ የሰውነት መዝጊያ ሥርዓት ነው። ውሃ ወይም ምግብ በግድ አታጉርሷቸው፤ ከንፈራቸውን ማርጠብ ይበቃል።

ካረፉ በኋላ መሮጥ የለም። ድንገተኛ ወይም በአደጋ የሆነ ሞት ሲሆን ምንም ሳይነካ ፖሊስ ይጠራል። ሲጠበቅ የነበረ ሞት ግን ጥቂት ሰዓት አብሮ መቀመጥን አይከለክልም። ሐኪሙ መጥቶ እስኪያረጋግጥ ድረስ እንዲህ አድርጊ። በጀርባቸው አስተኚያቸው፣ ራሳቸውን በትራስ ከፍ አድርጊው፤ ፊታቸው እንዳይጠቁር ይረዳል። የዓይናቸውን ቆብ ከድነሽ በጣትሽ ቀስ ብለሽ ያዢላቸው። ፎጣ ጠቅልለሽ ከአገጫቸው ሥር አድርጊ፣ አፋቸው እንዲዘጋ። እጅና እግራቸውን አቅኚ። ቀለበት ካላቸው ቶሎ ይውለቅ፤ ጣት ካበጠ መከራ ነው፣ ያወለቀውም ሰው ለሁሉም እያሳየ ያስረክብ። ማሞቂያ ካለ አጥፊ፣ መስኮት ክፈቺ። ከሥራቸው ፈሳሽ የሚይዝ ጨርቅ አንጥፊ፤ ፈሳሽ መውጣቱ ያለ ነው። ስታገላብጫቸው ሳንባ ውስጥ የቀረ አየር ወጥቶ የማቃሰት ድምፅ ሊሰማ ይችላል። «ነፍሷ አለች!» ብሎ ቤቱን በጩኸት የሚያናጋ ሰው አይጠፋምና ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ማጠብን የሚፈራ ሰው ይኖራል። ካንሰር አይተላለፍም። ጓንት አድርጎ በለብታ ውሃ ማጠብ ምንም የለውም። እንደ ኢቦላና ኮሌራ ያሉት የተለዩ ናቸው፤ እነሱ ላይ የጤና ባለሙያ ትእዛዝ ይከበራል። የልብ ምት ማስተካከያ ባትሪ የተቀበረባቸው ከሆነና ሥርዓታችሁ ማቃጠል ከሆነ ደግሞ ቀድሞ ይነገር፤ ባትሪው በእሳት ይፈነዳል። ለመቅበር ግን ችግር የለውም። ከሕመም ማስታገሻቸው፣ ለምሳሌ ከሞርፊን፣ የተረፈውን ማንም እንዳይወስደው ቆጥረሽ ለሕክምና ቡድኑ መልሺ። በተለይ ልጅ ያለበት ቤት ነውና።

ወረቀቱ ላይ ፈጣን ልሁን፤ ዝርዝሩ እንደየአገሩ ይለያያል። ሁለት ዓይነት ወረቀት እንዳለ ግን እወቂ። አንዱ ሐኪሙ የሞቱን ምክንያት የሚሞላበት ነው። ሌላው መንግሥት ሞቱን መዝግቦ የሚሰጠው የሞት የምስክር ወረቀት ነው። ባንክ፣ ጡረታና ውርስ የሚጠይቁት ሁለተኛውን ነው። ከመፈረምሽ በፊት ስማቸውን ፊደል በፊደል ከመታወቂያቸው ጋር አስተያዪ። አንዲት ፊደል ብትሳሳት ለማረም ወራት ትፈጃለች፤ የሐዘንተኛ ዓይን ደግሞ አያይም። ስለዚህ ብዙም ያልተጎዳ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ማኅተም ያለበት ቅጂ ከአንድ በላይ ውሰጂ። መታወቂያው፣ የጋብቻ ወረቀቱ፣ የባንክ ደብተሩ፣ የቤቱ ካርታ የት እንዳለ ደግሞ አሁን አብራችሁ ፈልጉት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አለ። «ውክልና አለኝ፣ ከሂሳቧ አወጣለሁ» ይላል። ውክልና በአብዛኛው አገር ወካዩ ሲሞት ያበቃል። ባንኩ ሞቱን ሲያውቅ ሂሳቡን ያግዳል፤ ወራሽነት እስኪረጋገጥም አብዛኛውን ጊዜ አይከፍትም። ከሞት በኋላ በካርዳቸው ማውጣትም ከሌሎቹ ወራሾች ጋር ክስ ያስነሳል። ስለዚህ የቀብሩ ገንዘብ በእናትሽ ስም ብቻ አይቀመጥ። እሳቸው ፈቅደውና አውቀው፣ ሁላችሁም እያወቃችሁ፣ አሁን በልጆች ስም ለየት ብሎ ይቀመጥ። ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ፖስታ ይግባ። የሚያዋጣም፣ ያላዋጣም ያየዋል።

የገንዘቡስ ነገር ላልሽው፣ ምን ያህል እንደሚፈጅ ቁጥር ልነግርሽ አልችልም፤ ከቦታ ቦታ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ዋጋውን ምን እንደሚያንረው ግን እነግርሻለሁ። ጥድፊያና ይሉኝታ ናቸው። ሰው ባረፈ በሰዓቱ ሣጥን መሸጫ ውስጥ የቆመ ልጅ በዋጋ መከራከር ያሸማቅቀዋል። ሻጩ «ለክብራቸው» የሚል ቃል ጣል ካደረገ ደግሞ አለቀለት። ስለዚህ አሁን፣ አእምሮሽ ሳይታወክ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ደውለሽ ጠይቂ። ወይም ለቤተሰቡ ትንሽ ራቅ ያለ ሰው ይጠይቅ። የእያንዳንዱ ነገር ዋጋ ተለይቶ በጽሑፍ ይሰጥሽ፤ ሣጥኑ ለብቻ፣ መኪናው ለብቻ፣ ማቆያው በቀን ስንት እንደሆነ ለብቻ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ቀብር አስፈጻሚዎች ዋጋቸውን በዝርዝር እንዲሰጡ፣ በስልክ ሲጠየቁም እንዲናገሩ የሚያስገድድ ደንብ አለ። ደንቡ በሌለበትም ቢሆን መጠየቅ ነውር አይደለም። ዝርዝር የማይሰጥ ካጋጠመሽ ወደሚቀጥለው ደውዪ።

«አየር የማያስገባ ሣጥን ሰውነትን ያቆያል» የሚልሽን አትመኚ። ሰውነት በራሱ ውስጥ ባሉ ረቂቅ ሕዋሳትም ይፈርሳል፤ ክዳን አያግደውም። ውሉን የፈረመው ሰው ደግሞ ባለዕዳው እሱ ነው። ወንድሞችሽ «እናዋጣለን» ብለው ቢጠፉ የሚጠየቀው ፈራሚው ነው። የመቃብር ቦታውንም ስትጠይቂ «ለስንት ዓመት ነው?» በይ። ጀርመንን በመሰሉ አገሮች መቃብር ለተወሰኑ ዓመታት በኪራይ የሚሰጥ ነው፤ ካልታደሰ ቦታው ለሌላ ይሆናል። ሐውልቱን ተዪው። የተቆፈረ አፈር ጊዜ ወስዶ ይሰጥማል፤ ቶሎ የተተከለ ድንጋይ ይዘማል ወይም ይሰነጠቃል። ሠራተኞቹ ራሳቸው ወራትን ጠብቁ ይላሉ። ጽሑፉንም በሐዘን ሳምንት ማንም አስተካክሎ አይጽፈውም።

መርዶን በተመለከተ አንድ ሕግ ይበቃል። ወንድምሽ በድምፅ ሳይሰማ ማንም ፌስቡክ ላይ ምንም እንዳይለጥፍ። ፈጥኖ የሚለጥፈው ልጅ ሳይሆን የሩቅ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ ቀድማችሁ አስጠንቅቁ። ወንድምሽ ሲነገረው አጠገቡ ሰው ይኑር፤ መኪና እየነዳ እንዳይሆን መጀመሪያ ጠይቁት። ቀብሩ ቀን ደግሞ ቤት የሚቀር ሰው መድቡ። የቀብር ሰዓት በይፋ ተነግሮ ሁሉም ሲወጣ ቤቱ ባዶ እንደሚሆን ሌባም ያውቃል።

የ8 ዓመት ልጅሽን ጠይቂያት። በዚህ ዕድሜ አብዛኞቹ ልጆች ሞት እንደማይመለስ፣ ለሁሉም እንደሚደርስ ይገባቸዋል። የሚጎዳቸው ከማየት ይልቅ ሳይነገራቸው ማየት ነው። «አያትሽ ተኝታለች» አትበያት፤ ራሷ መተኛት የፈራች ልጅ ታመጪብኛለሽ። «ሄደች»ም አትበያት፤ ትጠብቃታለች። «ሞታለች፤ ሰውነቷ መሥራት አቆመ፤ ከእንግዲህ አያማትም» በያት። ካንሰር እንደማይተላለፍ፣ እሷ ባደረገችው ወይም ባሰበችው ነገር እንዳልሆነም ንገሪያት። ልጆች ይህን ይጠረጥራሉ ግን አይጠይቁም።

መሄድ ከፈለገች የምታየውን በቅደም ተከተል ንገሪያት። ሣጥን እንደሚኖር፣ ሰው ጮኾ እንደሚያለቅስ፣ አንቺም እንደምታለቅሺ፣ መጨረሻ ላይ አፈር እንደሚመለስ። «ሳሚያት» ብሎ ማስገደድ የለም። አጠገቧ የሚሆን አንድ ሰው መድቢ፤ አንቺ አትሁኚ። ልጅቷ «በቃኝ» ስትል ይዟት የሚወጣ፣ ቀብሩ ቢያመልጠው የማይቆጨው ሰው ይሁን። አልሄድም ካለች ደግሞ ደህና ናት፤ ሥዕል ስላ ወይም ደብዳቤ ጽፋ ብትሰጥሽ ሣጥን ውስጥ ይገባላታል። አሁንም ቢሆን አያቷ ጋ ትግባ። ከአልጋው አርቆ ማቆየት ልጅን የሚጠብቃት ይመስላል፤ ልጅቷ ግን ከበሩ ጀርባ ካለው እውነት የባሰ ነገር በሐሳቧ ትሥላለች።

ዛሬ የምታደርጊው ሁለት ስልክ ነው። አንዱ ለሐኪማቸው፣ ሌላው ለወንድምሽ። ነገ ጠዋት ማስታገሻቸውን ከወሰዱ በኋላ ወንበርሽን ሳብ አድርገሽ ተቀመጪ። እናትሽ ያሉበትን አገርና እምነታችሁን ብትጽፊልኝ የሰነዱንና የሥርዓቱን ነገር ለይቼ እመልስልሻለሁ።